ሾፌር ሆኜ የሄድኩበት የራሴ ሽምግልና

ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ሽማግሌ ልኮ እንቅልፍ ያጣም ሞልቷል። ሽማግሌዎቹን ራሱ በማኪና ጭኖ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ «ሾፌር ነኝ» ብሎ የሄደ ሰው ግን ከእኔ ሌላ የምታውቁ ከሆነ ንገሩኝ፤ ከሱ ጋር ማኅበር እንጠጣለን።

ስሜ ደርበው ነው። ያኔ ጎንደር ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተምር ነበር። በጎን ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪዬን እሠራለሁ። የጥናቴን ርዕስ የሰማ ሰው ያዛጋል፦ ከፍተኛ ደረጃ ባለው የስፔክትረም ትንተና በሲግናል ውስጥ የተደበቀ ኢ-መስመራዊነትን ማግኘት። እናቴ ምን እንደምማር ስትጠይቀኝ «የማሽን ድምፅ መስማት» አልኳት። «ለዚህ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ዓመት?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽን ሲሠራ ብዙ ድምፅ ተደባልቆ ይወጣል። የተለመደው ትንተና ድምፆቹን ለያይቶ ይቆጥራል። ቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ ማን ማን እንደገባ የሚያይ ሰው በሉት። አንድ ሰውዬ ገባ፣ አንዲት ሴት ገባች፣ አንድ ልጅ ገባ። ልጁ የነሱ ይሁን የሌላ አያውቅም። የእኔ መንገድ ግን ገበያው ውስጥ ይከተላቸዋል። ሰውዬውና ሴትዮዋ እርምጃቸውን በለወጡ ቁጥር ልጁም አብሮ የሚለውጥ ከሆነ፣ ያ ልጅ የነሱ ነው ይላል። ጤነኛ ማሽን ውስጥ ድምፆች እንደ ጎረቤት ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። የላላ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካለ ግን ሁለት ድምፆች ተገናኝተው ሦስተኛ ይወልዳሉ። ኢ-መስመራዊ የምንለው ይኼንን ነው፤ የቢሮ ጓደኞቼም በዚህ ምክንያት «የድምፅ አባትነት መርማሪ» ይሉኝ ነበር።

ስቀው ቢበቃቸው ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር መንገዴ እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ እኔው ራሴ በሰነጠቅሁት ብረት ላይ ብቻ ነበር። ራስ የደበቁትን ዕቃ ራስ ማግኘት ደግሞ ብዙም አያኮራም።

የጠየቅኋት ልጅ ውባለም ትባላለች፤ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። የተዋወቅነው ጆሮዬን ታምሜ ስሄድ ነው። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እንጀራህ ጆሮህ ከሆነ ምነው አታጥበውም?» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ንጹሕ ነው፤ ልቤ ግን ሰላም አጣ። አባቷ አያ ታደገ ከደባርቅ ወዲያ ድብ ባሕር በምትባል ትንሽ ከተማ ወፍጮ አላቸው። ከእኔ በፊት የመጡ የአንድ ሰው ሽማግሌዎች እደጃቸው ቆመው ውለው «በሉ በሰላም ግቡ» ተብለው ተሸኝተዋል። ቆመው ያልኩት ወድጄ አይደለም። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። የልጅቱ አባት እሺ ካለ ነው አረፍ የሚባለው።

የእኔ ሽማግሌዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ያከራዩኝ መሪጌታ ክንፈ ናቸው፤ ንግግር ሲጀምሩ የሚያቆማቸው ደወል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአዲ አርቃይ የመጡት አጎቴ አያ ሞላ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ምስጢር ሲይዙ ፊታቸው ይቀላል። ማኪና የሚነዳልን ጓደኛዬ ነበር። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደውሎ ሆዱን ሲያመው እንዳደረ ነገረኝ። ቀጠሮ ማሳለፍ ደግሞ አይታሰብም።

«አንተ ትነዳለህ» አሉ መሪጌታ።

«ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውር የሚሆነው ሙሽራ ሆነህ ከሄድክ ነው። ዛሬ ሾፌር ነህ። ሾፌር ደግሞ አይናገርም። ኵሉ በሥርዓት ይኩን።»

«የማይናገር ሾፌር የት አይተው ያውቃሉ?» አሉ አያ ሞላ።

«አላየሁም፤ ስለዚህ እየጸለይኩ ነው» አሉ መሪጌታ።

ከደባርቅ ወደ ታች በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪጌታ ዳዊት ደገሙ፤ የነዳሁት እኔ ስለሆንኩ አልፈረድኩባቸውም። ድብ ባሕር ስንደርስ ፀሐይዋ ከረር ብላለች። የአያ ታደገ ቤት መንገዱ ዳር ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ከጎኑ። ደጁ ላይ ሴቶች ስልቻና ማዳበሪያ ተደግፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ከማኪናው ስወርድ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ ቤቱ መስኮት ነበር፤ ውባለም ለቀጠሮው ቀድማ ቤቷ ገብታለችና፣ መጋረጃው ነቅነቅ ያለ መሰለኝ።

አያ ታደገ ረጅም ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ዱቄት አለ። «እንዴት ዋላችሁ? ምነው ቆማችሁ፣ ግቡና አረፍ በሉ እንጂ» አሉ።

«የመጣንበት ሲፈጸምልን እናርፋለን» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያውስ ቁሙ» አሉና እሳቸውም ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

እኔ ማኪናው ውስጥ እንድቆይ ታዝዣለሁ። ግን ወፍጮው መሬቱን ይነቀንቃል፣ መሬቱ ማኪናውን፣ ማኪናው እኔን። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፔና የጠርሙስ ክዳን የምታህል፣ በማግኔት ብረት ላይ የምትለጠፍ መሣሪያዬ አሉ። ሽምግልና ስትሄድ ይኼንን ለምን ያዝክ ትሉኝ ይሆናል። ሌላው ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል፤ እኔ ድምፅ እቀዳለሁ።

ቦርሳዬን ይዤ ወፍጮ ቤቱ ገባሁ። ወፍጮውን የሚያሠራው ደሳለኝ ነው፤ የውባለም ታላቅ ወንድም። እኔን አይቶኝ አያውቅም። የጎማው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከሚዞርበት ትልቁ የብረት መንኮራኩር፣ እነሱ ፑሌጃ ከሚሉት፣ ፊት ለፊት ማዳበሪያ ላይ ተዘርፍጦ ተቀምጧል።

«ድምፁን ልቅዳው?» አልኩት።

«ዘፈን አምሮህ ከሆነ ቅዳ።»

መሣሪያዋን ለጥፌ ቀዳሁ። ለጨዋታ ያህል ነበር። የተለመደውን ትንተና ስከፍት ሁሉም ሰላም ነው፤ የሞተሩ ድምፅ አለ፣ ፑሌጃው የተተከለበት የዘንጉ አለ፣ አንዲት ሦስተኛ ትንሽ ድምፅም አለች። በቁጥር ብቻ ሲታይ ማንም «ተዋት» የሚላት ዓይነት ናት። ቀጥዬ የራሴን መንገድ፣ ባይስፔክትረም የምንለውን፣ ከፈትኩ። ትንሿ ድምፅ የሁለቱን እጅ ግራና ቀኝ ይዛ ትሄዳለች። ሌላ ቦታ ለጥፌ ደገምኩ። ያው ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ የሰነጠቅሁት ብረት ከሰጠኝ ሥዕል ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ላፕቶፔን ከድኜ ወደ ደሳለኝ ዞርኩ።

«ደሳለኝ፣ መካኒክ አይቶታል?»

«በቅርቡ ነው፤ ኩሽኔታውን ቀይሮ ሸጋ ነው ብሎን ሄደ።»

«ምነው እዚህ ተቀመጥክ?»

«ነፋሱ ነዋ! ፑሌጃው ሲዞር እንደ ማራገቢያ ነው። በዚህ ሙቀት ሌላ የት ልቀመጥ?»

«እስቲ ለዛሬ ወዲያ ብትል…»

«አንተ ሾፌር ነህ፤ መሪህን ያዝ» አለኝ።

ወደ ማኪናው ተመለስኩና መሪዬን ያዝኩ። ምን እንደሚሻለኝ አሰብኩ። ዝም ብል ሽማግሌዎቹ ነገራቸውን ይጨርሳሉ፣ ምናልባት ውባለምን አገኛለሁ፣ ነገ በስልክ «ወፍጮውን አስመርምሩት» እላለሁ። ብናገር ደግሞ ሾፌር ያልሆነ ሾፌር እባላለሁ፤ የራሱን ሽምግልና ያበላሸ ሙሽራ ተብዬም እስከ ደባርቅ ይሳቅብኛል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተሳስቼ ቢሆንስ? ግን ብረት ነገን አይጠብቅም። ያ የሚዞር ነገር ቢበታተን መንገዱ ላይ ያለው ደሳለኝ ነው። ፈራሁ፤ እግሬ ግን ቀድሞኝ ወረደ።

ግቢው ስገባ መሪጌታ ክንፈ የእኔን ጠባይ በማወደስ ላይ ነበሩ። «…ልጃችን ጭምት ነው። ሽማግሌ ሲናገር አያቋርጥም። ባልተጠራበት አይገኝም…»

«አያ ታደገ፣ ወፍጮውን ያስቁሙት!» አልኩ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ሞላ ፊታቸው ቀላ።

«ይኼ ማነው?» አሉ አያ ታደገ።

«ሾፌራችን ነው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

«ሾፌሩ ምን ይላል?»

«የተሰነጠቀ ብረት አለ። ድምፁ ውስጥ ይታያል።»

«ይኼንን ወፍጮ ስንት ዘመን ስሰማው ኖሬያለሁ። እኔ ያልሰማሁትን አንተ በምን ሰማኸው?»

«በጆሮ አይሰማም፤ በሒሳብ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። «በሒሳብ ይሰማል አለ!» እያሉ አንዷ ለሌላዋ አቀበለች። አያ ታደገ ግን አልሳቁም።

«ደሳለኝ ከፊቱ ነው የተቀመጠው» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ዝጋው!» ብለው ወደ ልጃቸው ጮኹ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስቁም አልክ፣ አስቆምኩ። በል እንግዲህ ፈትተህ አሳየኝ። ካላሳየኸኝ እነዚህን ሰዎች ይዘህ በመጣህበት ትመለሳለህ፤ ለጥያቄያቸውም መልሴ እሱ ነው።»

«እኛስ ቆመን እንጠብቅ እንዴ?» አሉ አያ ሞላ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

«ሥርዓቱ የእናንተ ነው» አሏቸው።

እኔና ደሳለኝ መፍታት ጀመርን። ቺንጋው ወረደ፤ ፑሌጃው ተነቅሎ ወደ ግድግዳው ተንከባለለ፤ ዘንጉ ወጣ። ወጣ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሸሚዜ ጥቁር ሆነ፣ ኮፍያዬ የት እንደወደቀ አላወቅሁም፣ ደሳለኝም በየብሎኑ ሒሳቤን እያነሳ ይረግመኛል። ሽማግሌዎቼ የግድግዳ ጥላ እየተከተሉ ይቆማሉ። አንዲት ሴት አዝና ውሃ አቀረበችላቸው። መሪጌታ ውሃውን በናፍቆት አይተው «አይገባንም» አሉ።

መላው ቀላል ነበር። ብረቱን በላምባ ታጥበዋለህ፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው ውስጥ ይገባል። ጠርገህ ጠመኔ ትቀባዋለህ፤ የተደበቀው ላምባ ተመልሶ ሲወጣ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። ላምባውን ከወፍጮ ቤቱ አገኘን። ጠመኔ ደግሞ ከአስተማሪ ኪስ አይጠፋም፤ «ሾፌር ጠመኔ ምን ያደርግለታል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባሁት። ሰው ሁሉ ከበበኝ። ጠበቅን።

ምንም የለም። ዘንጉ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ደገምኩ። አሁንም ምንም።

«የሒሳቡ ጆሮ ደንቁሯል!» አለች አንዷ። ከኋላዋ ያሉ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «ምነው ልጄ፣ ዱቄት ሳልይዝ ገብቼ ምን ላብላቸው?» አሉኝ። ይኼኛው ከሳቁ የበለጠ ወጋኝ። አያ ታደገ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል። ውባለምን ያጣሁት በዚች ደቂቃ እንደሆነ ታወቀኝ። ለጥናቴም አለቀስኩለት፣ በልቤ። ቅርቤ ያገኘሁት ብረት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተነስ አንተ!» ብለው ጮኹ አያ ሞላ። «ሳይፈቀድልን!»

መሪጌታ አጎቴን በክርናቸው ጎሸሟቸው፤ ግን ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ሾፌር ቢቀመጥ ምን አለበት?» አሉ አያ ታደገ፣ ረጋ ብለው።

በዚህ መሐል የቤቱ በር ተከፈተና ውባለም ወጣች። ሽማግሌ በመጣባት ቀን ልጅ ከጓዳ አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የምትደብቀው አልለየሁም። ከፊቴ መጥታ ቆመች።

«መሣሪያህ ያለው ‹ታሟል› ነው ወይስ ‹እዚህ ጋ ታሟል›?» አለችኝ።

«ታሟል ነው ያለው።»

«ታዲያ ዘንጉ ነው ብሎ ማን ነገረህ? ልቤን ብሎ መጥቶ ሳንባው የሚሆን ስንት በሽተኛ አለ። ከዘንጉ ጋር የሚዞር ሌላ ነገር የለም?» ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ የተቀመጥክበትን አይተኸዋል?» አለች።

የተቀመጥኩት ፑሌጃው ላይ ነበር።

እንደ ተቃጠለ ሰው ዘልዬ ተነሳሁ። እውነቷን ነበር። ሥዕሌ የነገረኝ ሁለት ድምፆች ሦስተኛ መውለዳቸውን ብቻ ነው፤ ቤታቸው የት እንደሆነ አልነገረኝም። ዘንግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ላቦራቶሪ የሰነጠቅሁት ዘንግ ስለነበር። ፑሌጃውን በላምባ አጠብን፣ ጠረግን፣ የቀረችኝን ጠመኔ ጨረስኩበት። መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀስ ብሎ ግን መሐሉን ከጠርዙ ከሚያያይዙት የመንኮራኩሩ ክንዶች በአንዱ ሥር ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ብቅ አለች። ረዘመች። ክንዱን ዞረችው። ከጎኑ ባለው ክንድ ላይም ሌላ ብቅ አለች።

አያ ታደገ መዶሻ አንስተው አንዴ መቱት። ክንዱ ለሁለት ተለየ።

ደሳለኝ የተሰበረውን አየ፤ ከዚያ የሚቀመጥበትን ማዳበሪያ አየ። ሄዶ ማዳበሪያውን አነሳና ከግቢው ወዲያኛው ጥግ ወስዶ አስቀመጠው። ተመልሶ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ግሪሱ እኩል ደረሰን። እኚያ ዱቄት ያጡት እናት «ተመስገን» ብለው መሬት ሳሙ። እኔም አለቀስኩ፤ ይኼኛውን ጊዜ በልቤ አይደለም።

አያ ታደገ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ነገሩ ከተቋረጠበት የሚቀጥል ይመስል «ልጄን የጠየቃችሁት ለማን ነበር?» አሉ።

«ለልጃችን ለደርበው» አሉ መሪጌታ።

«እሱ አሁን የት ነው ያለው?»

«ጎንደር» አሉ መሪጌታ። «እዚህ» አሉ አያ ሞላ። እኩል ነው የወጣው።

አያ ታደገ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «መሪጌታ፣ ሾፌር ከማኪና ሲወርድ ቀድሞ የሚያየው ጎማውን ነው። ይኼ ያየው የቤቴን መስኮት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ልይ ብዬ ነዋ። በሰው ደጅ መጥተህ ‹ማሽንህ ታሟል› ማለት ልጅ ለሚለምን ሰው አይበጅም፤ ይኼን አንተም ታውቃለህ። ዝም ብትል ላንተ ይሻልህ ነበር። ለልጄ አይሻልም ነበር።» ደሳለኝን አዩት። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው አንዲት ቃል አሉ።

«ተቀመጡ።»

ውባለም እልል አላለችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሮጣ ገባች። እልልታውን ወረፋ የያዙት ሴቶች አቀለጡት። ሽማግሌዎቼ ግን ሊቀመጡ አልቻሉም፤ ጉልበታቸው ደርቆ መታጠፍ እምቢ አላቸው። እኔና ደሳለኝ ብብታቸውን ይዘን ነው ያስቀመጥናቸው። መሪጌታ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው «እግዚኦ! ለሰው ሚስት ሲባል!» አሉ።

ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ «ሚስት አገኘሁ» ብዬ ልገላገላችሁ እችላለሁ። የተሰበረው ክንድም ጥናቴ ውስጥ ገብቷል። ፈታኞቼ ብረቱን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከአማቼ ቤት» አልኩ፤ ቀልድ መስሏቸው አለፉት።

ግን ከዚያ በፊት ሕይወት የምትደመር ነገር ትመስለኝ ነበር። ሥራ በአንድ በኩል፣ ፍቅር በአንድ በኩል፣ ባህል በአንድ በኩል፤ ሁሉም በየመንገዱ ይሄዳል፣ አይነካካም። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ሾፌርም ሙሽራም መሆን እችላለሁ ብዬ የተነሳሁት። የሰው ነገር ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ሁለት ነገር ሲገናኝ ማንም ያልጠራው ሦስተኛ ነገር ይመጣል። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ትንሽ ድምፅ ከሰማችሁ «ተዋት» አትበሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቁ። የታመመው የት ጋ እንደሆነ ግን በራሳችሁ ግምት አትፍረዱ። እኔ እንኳ በሽታውን ላዩ ላይ ቁጭ ብዬበት ሌላ ቦታ ስፈልገው ነበር፤ ያስነሳችኝም እሷ ናት። እስከ ዛሬም በየምክንያቱ «የተቀመጥክበትን አይተኸዋል?» ትለኛለች።

አማቼ ሒሳብ ይሰማል የሚባለውን አሁንም አያምኑም። ይሁን እንጂ አዲሱ ፑሌጃ ከተተከለ ወዲህ መሣሪያዬን ሳልለጥፍበት ከድብ ባሕር አያስወጡኝም። ልጃችንን ክርስትና ያስነሳን ቀን ሕፃኗ ጩኸቷን ስትለቀው ሁሉም ጆሮውን ያዘ። አያ ታደገ ተቀብለው አቀፏት፤ እሷን አዩ፣ ውባለምን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«በል ቦርሳህን አትክፈት» አሉኝ። «የዚችን ወላጆች እኔም በጆሮዬ ለይቻቸዋለሁ።»